በአተላው ላይ የከረመ

እዚህ፣ ጋሊሲያ ዳር፣ ሐረግ መሬት አይነካም፤
ሰማዩ ሳያነባ ውሎ አድሮ አይረካም።
በድንጋይ ምሰሶ፣ ሰው በሚያክል ቁመት፣
ዳስ ሆኖ ይዘረጋል ከዓመት እስከ ዓመት፤
ከሥሩ ጎመን አለ፣ ከሥሩ ዶሮ አለ፣
ከላይ አረንጓዴው ዘለላ አንጠለጠለ።
ነፋስ ከውቅያኖስ ጨው ጭኖ ይመጣል፤
ቅጠል ያገላብጣል፣ ሰው ፊት ላይ ይቀመጣል።

እኔ የባሕር ነበርኩ።
ከዛጎል እርሻው መወጣጫ ላይ ገመድ ስስብ
አንድ ማለዳ ማሽኑ ሁለት ጣት ወሰደኝ።
የቀሩትን ይዤ አክስቴ ሳቤላ ደጅ ቆምኩ።
«ስምንት ይበቃል» አለች። «መቀስ የሚይዘው ሁለት ነው።»
ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ፀሐይ የጠገበ የሞቃት አገር ወይን
ገና ሳይቀምሱት ያስጎመጃል ዓይን፤
አልባሪኞ ግን ብርድ ያቀፈው፣ ጭጋግ ያሳደገው፣
ለመብሰል እንኳን ልመና የሚፈልገው፣
ቅርፊቱ ወፍራም ነው እንደ ዓሣ አጥማጅ እጅ፣
ውስጡ ግን ኩርፊያ ያለው፣ አመለኛ ልጅ።

መስከረም ላይ ሬዲዮው «ሐሙስ ዶፍ ይወርዳል» አለ።
ጎረቤት ሁሉ ቆረጠ፤ ቅርጫት ሙሉ፣ ትራክተር ሙሉ።
ሳቤላ አንዲት ፍሬ አፏ ውስጥ ከተተች፣
ዘሯን በፊት ጥርሷ ቀስ አርጋ ሰበረች፣
መዳፏ ላይ ተፍታ ወደ ብርሃን ያዘች፤
«አረንጓዴ ነው ገና፣ አልደረሰም» አለች።
አሮጊቷ ዶሪንዳ ከአጥር ማዶ ሆና፦
«ስስት ነው፣ ልጄ፣ ወይስ ድፍረት?»
ሳቤላ አልመለሰችም።

ሐሙስ ዘነበ። ዓርብም። ቅዳሜ ማታ
በባትሪ እየዞርን የበሰበሰ ስንለቅም
ከሦስት ዘለላ አንዱ ግራጫ ጠጉር አብቅሏል።
ስትቆጥር ሰማኋት፤ በልቧ ሳይሆን በአፏ፣
የባንክ ዕዳ እንደሚቆጠር።
እሑድ ፀሐይ ወጣች፤ እንዳፈረ እንግዳ፣ በር ላይ ቆማ።
ሰኞ ቆረጥን።

ጭማቂው ሲወርድ የኩሬ ውሃ ይመስላል፤
ደፍራሽ ነው፣ አረንጓዴ፣ ማን ወይን ነው ይላል?
ብርዱ እየያዘው፣ እርሾው እየገፋው፣
ስኳሩን ቀን በቀን በልቶ እስኪያጠፋው፣
ጆሮዬን ታንኩ ሆድ ላይ ለጥፌ እሰማለሁ፦
በባልዲ እንደ ታጎረ ሸርጣን ይንሾካሾካል።

አተላ ስድብ ነው፤ ይደፋል፣ ይጣላል፤
ጠጅ ከጠራ ወዲያ ማን እሱን ይጠራል?
ሳቤላ ግን ወይኑን አላነሳች ከላዩ፤
ክረምቱን በሙሉ አብረው እንዲቆዩ።
በሳምንት አንድ ጊዜ ረጅም ዘንግ አስገብቼ
አማስል ነበረ፣ ትንፋሼን ገትቼ፤
የሞተው እርሾ እንደ ጉም ይነሣል፣
ከላይ ደርሶ ያስባል፣ ይመለሳል፤
በተመለሰ ቁጥር ያ አመለኛ ልጅ
አንድ ቁልፍ ይፈታል።

በሚያዝያ ከማድሪድ ገዢ መጣ፣ ሴኞር ኦርዱኛ፣
ጫማው ለጭቃችን ያልተፈጠረ።
አንድ ጊዜ ተጎነጨና ፊቱ ተኮማተረ።
«ይጎመዝዛል፣ እመቤቴ። ትንሽ ጣፋጭ ቢነካው፣
ትንሽ የእንጨት በርሜል ቢያሸተው...»
ሳቤላ አንድ ሳሕን ዛጎል፣ ከነፈሳሹ፣ ፊቱ አኖረች።
በላ። ጠጣ። በላ። ዝም አለ።
«ስንት ጠርሙስ አለሽ?»
«የፈለግከውን ያህል የለኝም፤ ሲሶውን ሻጋታ ገዝቶታል።»

ዶሪንዳም መጣች፣ ባዶ ማሰሮ በብብቷ፦
«ከስስቱ ትንሽ ቅጂልኝ።»

እኔ ማታ፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ ቀመስኩት።
መጀመሪያ ሎሚ፣ ጥርስ የሚያጠርስ።
ቀጥሎ ያልበሰለ ኮክ፣ ከቅርፊቱ።
ከዚያ ካፊያ የመታው ድንጋይ ሽታ፣
ከዚያ፣ ከዋጥኩት በኋላ፣ ከንፈሬ ላይ ጨው፤
ያንን ማለዳ ገመዱ ላይ የነበረው።

ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነበር።
ይበልጥ የቀዘቀዘኝ
በሌሉት ጣቶቼ በኩል ነው።