ዘጠና አራተኛው ደረጃ

ከቤታችን ደጃፍ እስከ ባሕሩ ዳር
መቶ ስልሳ አንድ ነው፣ በመዝገብ ሲቆጠር፤
በእግሩ ለሚያውቅ ሰው ግን አንዱ ይጎድላል፣
ዘጠና አራተኛው እንደ ጥርስ ወልቋል።

ምድር የተናጠች ሌሊት ነው የወደቀ፤
አባቴ “እሠራዋለሁ” እንዳለ ዘለቀ፣
ሲሚንቶ ሳይገዛ ዕድሜው ግን አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ መዝለሉን ተማረ፤
ዶን ኤቫሪስቶ እንኳ፣ በምርኩዝ የኖረ፣
ጋዝ ተሸካሚውም፣ ነፍሰ ጡሯ ኤልባ፣
ሰካራም በሌሊት ወደ ቤቱ ሲገባ፣
እዚያች ቦታ ሲደርስ እግሩን ያነሣል፤
ራሱን ቢረሳ ያን ክፍተት ያስታውሳል።

ዛሬ እኔ ልሄድ ነው፤ ከዚሁ ውቅያኖስ ወዲያኛው ከንፈር፣
ሴንዳይ ወደምትባል፣ እንደኛው ወደምትንቀጠቀጥ አፈር፤
ምድር ስትወዛወዝ ግንብ እንዴት እንደሚቆም
ላጠና ነው። “እዚህ የሚያስተምር የለም”
እያልኩ አውርቼ ነበር። ውሸቴን ነው፤ አለ።
ገንዘቡ የተገኘው ግን ከዚያ ነው።

እናቴ ትቀልዳለች፦
“ደረጃ ለመውጣት ደረጃ ትወርጃለሽ።”
ሳቋን ሳትጨርስ ዓሣ ልትቆርጥ ዞረች፤
የዓሣው ራስ እንዳለ ነው፣ ጣውላውን ነው የመታች።

ወንድሜ ሊሳንድሮ ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ አላናገረኝም፤
ዳቦ ቤት ነው የሚያድር። ማለዳ ሲገባ
እጁ ነጥቶ ነበር። ዱቄት ነው አልኩ፤ አልገረመኝም።
ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ።

ሻንጣው ሃያ ሦስት ኪሎ። በገመድ የሚጎተተው የኮረብታው ሳጥን
“በጥገና ላይ” እንዳለ ነው፤ ያዘ ሰባተኛ ዓመቱን።
ስለዚህ በእግሬ።

ሌሊቱን ለከተማዬ ስንብት ጽፌ ነበር፦
“ቫልፓራይሶ ሆይ፣ ቆርቆሮ የለበስሽ፣
ጨው የበላው ፊትሽን ሰማያዊ ቀለም የኳልሽ…”
ገና ብዙ ነበረው።
ሃያኛው ላይ ስደርስ የሻንጣዬ ጎማ ተነቀለ፤
ንግግሬም አብሮት ቁልቁል ተንከባለለ።

ሠላሳ አምስት፦ የኤልባ መስኮት፣ የሕፃን ልብስ የተሰጣበት።
ስልሳ ሁለት፦ መጀመሪያ የተሳምኩበት ግንብ፤
ዛሬ የሌላ ሴት ስም ተጽፎበት።
ወደቡ ላይ አንድ መርከብ ጮኸ፤
ለእኔ አይደለም፤ ኮንቴይነር ሊጭን ነው።

ኖታሪዮ ከፊቴ ይወርዳል፤ ባለቤት የሌለው ውሻ፣
በየሰው በር እግሩን አንሥቶ ስለሚፈርም
ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ያወጣለት ስም።

ዘጠና። ዘጠና አንድ። ሻንጣውን አቅፌ፣
ዘጠና ሦስት፣ ለዝላዩ እግሬን አሰናድቼ፣

ሞልቷል።

እርጥብ ነው። ግራጫ። አንድ ወገኑ ዘሟል፤
ላዩ በሊጥ መዳመጫ ተደልድሏል።
ኖታሪዮም ቀድሞኝ ማኅተሙን አትሟል፣
አራት ጣት፣ አንድ መዳፍ።

ልርገጠው? አሻራዬ ይቀራል።
አልርገጠው? ለእኔ ሲል የሠራው
ያለ እኔ ይደርቃል።
ቆሜ ሳመነታ እግሬ አልጠየቀኝም፤ ዘለለ እንደለመደው፤
ዐሥር ዓመት የተማረውን በአንድ ሌሊት አልረሳው።

ቀና ብዬ አየሁ። መጋረጃችን አልተነቃነቀም።
ዶን ኤቫሪስቶ ምርኩዙን ተደግፎ
“ጃፓን በዚህ በኩል ነው?” አለኝ።
“በዚህ በኩል ነው” አልኩት።
“እንግዲያው ጎማሽን አንሺ፤ ዓሣ ሻጮቹ ደጅ ቆሟል።”

አውቶቡሱ ሲነሣ በጣቴ ደገምኩት፦ መቶ ስልሳ አንድ።
ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ የኖረው መዝገብ ዛሬ እውነቱን ነው።
ነገ ጠዋት ሰፈሩ፣ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ፣
ጉድጓድ እንዳለ ሁሉ
አንድ በአንድ ይዘላል፤
ወይ ጉድ፣ እኔ ሳላይ።