የፊት እግር

ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ድምፅ የሚባል የለም፤
መሪው ሲጠመዘዝ ነው የሚነሣው ሕመም፤
ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ… ይላል ከግራው ጎማ ዳር፣
የተኛ ልጅ ጥርሱን ሲያፋጭ እንደሚያድር።
ከጌራ እስከ ጅማ፣ በነሐሴ ጭቃ፣
በየኩርባው ሁሉ «በቃኝ» አለኝ፣ «በቃ»።
ከኋላ ምጥ የያዛት ሴት ሕመሟን ዋጥ አድርጋ፣
«የሚጮኸው ማነው፣ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» አለች ወደኔ ጠጋ።
እሷን ሆስፒታል አድርሼ፣
እሱን ይዤ ወረድኩ፣ በዝናብ በስብሼ።

የነዚፍ ጋራዥ ኮቺ ነው፣ ከአዌቱ ሳይርቅ፤
ጣራው ዝናብ ያስገባል፤ ባለቤቱ አይስቅ።
ላንድክሩዘሬን አየና፣ ሰላምታም ሳይሰጠኝ፣
«የፊት እግር ነው፤ ክሪኩን አምጡልኝ።»
ጎማው መሬት ለቆ አየር ላይ ተንጠለጠለ፤
ከላይ ከታች ይዞ ነቀነቀውና «ኩሽኔታው አልቋል» አለ።

አንዱን ዳዶ በዘይት አባብሎ፣
አንዱን በማርቴሎ፣
ሃያ ዓመት የነዳሁት፣
ሆድ ዕቃውን ያን ቀን አየሁት።

ግራሶ አልነበረም እዚያ ውስጥ የቀረው፤
ከዲፈረንሻል ዘይት፣ ከወንዝ ውሃ ጋር ተዋውጦ የኖረው
አጥሚት ነው፤ ግራጫ አጥሚት፣ የብረት ብናኝ ያለው።
«ፓራውሊው ጥርስ የለው፤ በምን ይዞ ያስቀረው?»

ራውዳ፣ የእህቱ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት የቀረች፣
ስድስቱን የብረት ብይ በናፍጣ አጠበች፤
የሚንከባለሉበትን ቦይ በጣቷ ዳሰሰች፤
ደግማ ዳሰሰች።
«በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የተበላው» አለች።
«ለምን ይመስልሻል?»
«ወደ ፊት ብቻ ስለተነዳ ነዋ!»
ዞር ብላ አየችኝ፣ እኔ እንደበላሁት፣ በቁጣ።

አዲሱ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት። ነገረኝ።
የቤቴ ጣራ ቆርቆሮ አንድ በአንድ ሲነቀል ታየኝ።

«ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ
አዛውሬ ብገጥመው ይችላል ሊሠራ፤
ጭነቱ ይዞራል ወዳልደከመው ጎን።
ሦስት ዓመት ይሄዳል። አራት፣ ካዘነልን።
ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ጎን የለውም።»
እኔም ሌላ ብር የለኝም አላልኩትም።

ከኩሽኔታው ሥር አንዲት ስስ ቆርቆሮ ወጣች፣
ከወተት ጣሳ የተቆረጠች፣
ሰማያዊ ፊደሏን አሁንም የያዘች።
ነዚፍ ወደ ብርሃን አስጠግቶ ብዙ ቆየ።
«ይህችን የቆረጠው መቀስ ያውና።» ቀና ብዬ አየሁ፦
ግድግዳው ላይ፣ ምስማር ላይ፣ የአባቱ መቀስ ዝጎ ነበረ።
ሌላ አልተናገረ።
ከጎረቤት ነጋዴ የቡና ሚዛን ተውሶ
መንጠቆውን አሰረ፤ እግሩን ሳበው፤ ቁጥሩን አነበበ።
ልክ ነው።
ቆርቆሮዋን በጨርቅ ጠርጎ
መለሳት፣ ወደ ነበረችበት።

ከዚያ ግራሶ፣ አዲስ፣ ቀይ፤ ራውዳ በመዳፏ
እየጠቀጠቀች፣ ክንዷ እስኪጠፋ።
ጎሚኒው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ቡሎኑ ተመለሰ፤
ዝናቡም አባራ፤ ቀኑም መሸ።

ሜዳው ላይ አወጣሁት። መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዤ
ዞርኩ፤ በሌላው ጥግ ዞርኩ፤
ጆሮዬን በመስኮት አውጥቼ።
ምንም። ጭቃው ብቻ ነበር የሚያወራ።
ሞተሩን አጥፍቼ፣ እንደ ጎረምሳ ዘልዬ ስወርድ፣
ግራ ጉልበቴ ቀጭ አለ።

ነዚፍ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣
«ክሪኩን አምጡልኝ» አለ።