ርጋ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዊኒፔግ፣ ጥር፤
መስኮቱ በውስጥ በኩል በውርጭ ቅጠል ተለብጦ፣
የማቀዝቀዣውን በር እከፍታለሁ፤ ከወተቱ ጀርባ
የልጄ ሣጥን ተቀምጦ።

መጀመሪያ ቀኑን አነባለሁ። አላለፈም።
ጠርሙሶቹን አቁሜ እጠብቃለሁ፤
ከብርድ የወጣ መድኃኒት በችኮላ ደም ሥር አይገባም፤
በፈላ ውሃ አልነክረው፣ እሳት ዳር አላስጠጋው፣
የቤቱ ሙቀት እስኪደርሰው እጄን እታጠባለሁ፣
በጣቶቼ መሃል፣ በጥፍሬ ሥር።

«ዱቄቱን አትናጪው፤ በቀስታ አዙሪው»
ስትለኝ ማሪሴል፣ የሆስፒታሉ ነርስ፣
ወተት ነው ትዝ ያለኝ። ወተት ቢናጥ ቅቤ አለው፤
ይኼ ቢናጥ አረፋ ነው፤ አረፋ ምኑን ሊያረጋ?
በመዳፌ አዞረዋለሁ፣ ሊተኛ ጥቂት እንደቀረው ሕፃን፣
ጠርቶ ውሃ እስኪመስል።
ጉድፍ ካየሁበት ግን
ዋጋው የዓመት ደሞዜን ቢያስንቅም አልሰጠውም።

ሚልኪያስ ተነሣ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
አንዱ ካልሲው ሰማያዊ፣ አንዱ ግራጫ፤
ክንዱን እያዛጋ አቀረበልኝ።

ከዳኸበት ቀን ጀምሮ «ርጋ» ስለው ነው ያደገ፤
ከደረጃው አፋፍ፣ ከሶፋው ጫፍ፣ ከኳሱ ኋላ፤
እሱማ ልጅ ነው፤ ብቆጣው ረጋ፣ ብለምነው ረጋ፤
ደሙን ማን ይለምንልኝ?
ጉልበቱ ውስጥ ገብቶ እንደ ሊጥ ሲነፋ፣
ሌሊቱን ሙሉ «ርጋ» ብለው
ጆሮ የለው።

ወንድሜ ታረቀኝ ጥርሱን ተነቅሎ
በስድስተኛው ቀን ናዝሬት ላይ ሞተ።
«ዐይን ነው» አሉ። «መተት ነው» አሉ።
ደም ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም።
ከእናቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደዚህ ልጅ፣
አንዲት ጠብታ ሳይፈስ የወረደ ደም።

ላስቲኩን ከክርኑ በላይ አሰርሁ፤
ቆዳውን በአልኮል ጠረግሁ፤ በራሱ እስኪደርቅ
አልነካሁትም፣ እፍም አላልሁበት።
ክንፍ ያላት መርፌ፣ ቢራቢሮ የሚሏት፣
ዛሬ ማረፊያዋን ሳተች።
ነቀልኋት፤ ላስቲኩን ፈታሁ፤
ጥጥ ደርቤ አምስት ደቂቃ በሰዓት ተጫንሁ።

አርባ ሁለት ልጆች አሳፍሬ
ቢጫ አውቶቡስ በመስተዋት በረዶ ላይ የምነዳ ሴትዮ
የአንድ ልጅ ክንድ ፊት ተንቀጠቀጥሁ።

«ርጊ እማ» አለኝ።

ረጋሁ።

«አዲስ መርፌ አምጪ። እኔ ልሞክር።»
ሐምሌ ላይ፣ ካምፑ ውስጥ፣ ነርስ ቆማበት
ሦስት ጊዜ አድርጎታል፤ እኔ ፊት ግን ገና ነበር።
ግራኝ ነው፤ ቀኝ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤
ምላሱን በጥርሱ ያዘ።
ቱቦዋ ውስጥ ቀይ ክር ብቅ ስትል
ላስቲኩን ፈታሁለት። «ቀስ» ልለው ስል
ቀድሞኝ ቀስ ብሏል፤ አውራ ጣቱ እየገፋ
ከንፈሩ ይቆጥራል፤ በእንግሊዝኛ ጀምሮ
መሃል ላይ ወደ አማርኛ ይዞራል።

ማሪሴል «ካለቀም በኋላ ዐይንሽን አታንሺ» ብላኛለች፤
ሽፍታ ቢወጣ፣ ከንፈሩ ቢያብጥ፣ ትንፋሹ ቢያጥር
መግፋቱ ይቁም፣ ስልኩ ይነሣ።
ስልኩ ጭኔ ላይ ነው።
ደረቱ ከፍ ሲል ደነገጥሁ፤
ማዛጋት ኖሯል።

መርፌዋ ክዳኗ ሳይመለስ ወደ ቢጫው ሣጥን ገባች።
ደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መጠኑ፣ የጠርሙሱ ቁጥር፤
«የሰጠው ሰው» በሚለው መስመር
ከላይ እስከ ታች የእኔ ስም የተደረደረበት፣
በእርሳስ «ሚልኪያስ» ብሎ ጻፈ፤
የ«ል» እግሯ ወደ ተሳሳተ ጎን ዞሮ።

ውጪ አውቶቡሴ ሞተሩ በገመድ ተሰክቶ
ሲሞቅ አድሮ ይጠብቀኛል።
ጥጡን አነሣሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።
ረግቷል።

«ካልሲህ…» አልሁት።
«አውቃለሁ» አለኝ።