ሠላሳ ሁለት ጥርስ

ከደብረ ሲና ሽቅብ፣ ዋሻው አፍ ሳልደርስ፣
«ቀጭ» አለኝ ከኋላ፣ እንደሚሰበር ጥርስ።
ካምቢዮዬ ታጥፎ፣ ሽቦው መሀል ገብቶ፣
ሰንሰለቱ ወልቆ፣ ቸርኬው ተመትቶ፤
በጉሙ ውስጥ ቆምኩኝ ኮርሳዬን አቅፌ፣
በሽንኩርት አይሱዙ ወጣሁኝ ተርፌ።

ጥፋቱ የኔው ነው።
ዳገቱ ቢከብደኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣
ሠላሳ ሁለት ጥርስ ከኋላ ላይ ሳጠልቅ፣
ያቺ ክንደ አጭር ካምቢዮ፣ ለሃያ አምስት የተሠራች፣
እስኪ ተዘርጊ ሲሏት ወዴት ትደርሳለች?

ደብረ ብርሃን፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ የወንድይራድ ደጃፍ፣
ብርዱ ከቆርቆሮው ሥር እንደ ውሻ ሲያነፍንፍ፣
ከሁለት የዘይት ጣሳ አሮጌ ካምቢዮ ዘረገፈ፣
እንደ ደረቀ አንበጣ ሁሉም እግሩን ያጠፈ።
መስታወቱ ውስጥ ግን አዲሷ አለች፤
ጥቁር፣ አንጸባራቂ፣ የአሥራ አንድ ማርሽ ነች።
የሦስት ወር የትርፍ ሰዓት፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
ኪሴ ውስጥ ሞቆኛል። ጣቴ መስታወቱን ነካ።

«ተዪያት» አለ ወንድይራድ፣ ቀና ሳይል ከጎነበሰበት፣
«መቀየሪያሽ ስምንት ነው፣ ሌላ ቁጥር የለበት።
አንዴ ‹ቀጭ› ስታደርጊው ገመዱ የሚሳበው፣
ለእሷ አይበቃትም፤ በስንዴ ፍሬ ነው የሚያንሰው።
አንዱን ጥርስ ለቅቃ ሌላው ላይ አትደርስም፤
ስትንጫጫ ትውላለች፤ ቆንጆ ናት፣ ግን ያንቺ አይደለችም።»
«መቀየሪያውንስ ብለውጥ?»
«ሰንሰለቱም ይለወጣል፤
ጥርሱም፣ የጎማው እምብርትም፤ ኮርሳው ራሱ ምን ይቀረዋል?»

አባቴ ጫጫ ገበያ ፈረስ ሲያሻሽጥ ኖረ፣
በኮርቻ ጌጥ ሳይሸነገል፣ ከንፈር እየገለጠ ጥርስ እየቆጠረ።
እኔስ ልጁ አይደለሁ? ጨለምለም ባለው ቤት፣
በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ ከጣሳው ፊት።

ይቺ ክንዷ ያጥራል። ያቺ ሞላዋ ደክሟል።
ይቺ ባለ አሥር ናት። ያቺ ብሎኗ ዝጓል።
አንዷን ሳገላብጥ፣ ፊቷ የተፋቀ፣ ስሟ የረገፈ፣
የተራራ ሳይክል ልጅ፣ ክንዷ ከመዳፌ የተረፈ።

«እሷስ?»
«ባለ ዘጠኝ ናት።»
«የኔ ስምንት አይደል?»
«ስምንትና ዘጠኝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤
በዚያ ዘመን የተሠሩት አንድ ነው የገመድ አሳሳባቸው።
መቁጠሩ የመቀየሪያሽ ነው፤ እሷ ወደ ጠሯት ትሄዳለች።
ለሠላሳ ሁለቱም ጥርስ፣ ይኸው፣ ክንድ አላት፣ ትደርሳለች።»
ሳቀ። ፊት ለፊቱ ባዶ ነው። «እኔ እንኳ ስድስቱን ጥያለሁ፤
አንቺ ሙሉውን ይዘሽ ውጪ፤ ዳገቱን አውቀዋለሁ።»

የታጠፈውን ጆሮ በመፍቻ እያቃና፣
ብሎኗን ሩብ ዙር ላላ፣ ጠበቅ፣ ደግሞ እንደገና፤
ሰንሰለቱን በትልልቁ ጥርስ አዙሮ ለካና ለካ፣
ሁለት ዐይን ጨመረበት፤ ድሮም አጥሮ ኖሯል ለካ!
ከፍዬ ወጣሁ፣ የገንዘቤ ሩቡ እንኳ ሳይነካ።

እሑድ ጠዋት፣ ደብረ ሲና፣ ፊቴ ወደ ሽቅቡ፣
ጉሙ ያው ነው፤ አይሱዙዎች መብራት አብርተው ሲቀርቡ።
ቀጭ። አንድ። ቀጭ። ሁለት። ሰንሰለቱ ሲወጣ፣
ከትንሿ ጥርስ ተነሥቶ ወደ ሰፊዋ ሲመጣ፣
አምስተኛዋ ላይ ታንኳኳለች፣ እንደ ሽማግሌ ሳል፤
ወንድይራድ «ተዪያት፣ ትለምዳለች» ብሏል።

ሠላሳ ሁለቷን ስጠራ፣ ከዋሻው አፍ በታች፣
ትንፋሼን ያዝኩኝ።
ተዘረጋች።
ደረሰች።

ዋሻው ግን ገና አልታየም።
ቀሪው የእግሬ ነው።