ማንን አለፍን?

ነፋስ የአዳማ ልጅ፣ ነፋስ የአዳማ ጌታ፣
ኮኑን ይጥልብኛል ከረፋድ እስከ ማታ።
በቆምኩበት ሜዳ፣ ከከተማው ዳር፣
እርሳሴን ሸጉጬ ከጆሮዬ ሥር፣
የሰው ልጅ እንጀራ ስመትር እውላለሁ፤
«ወደቀ»፣ «አለፈ»፣ ሳጥን እሞላለሁ።
ኮን የጣለ ይወድቃል፤ የለም ወለም ዘለም፤
ከነፋሱ በቀር ጥሎ ያለፈ የለም።

ሰሞኑን ሻይ ቤቱ አንድ ወሬ ይዟል፤
«መንጃ ፈቃድ» ይላል፣ «እንደ ቆሎ ረክሷል፤
ፈተናው ይጥበቅ፣ ጥያቄው ይብዛ፣
እንዲህ በየሜዳው ተቸርችሮ እንዳይገዛ።»
ሌላው ይመልሳል፦ «የሚጠብቀው ለማን?
ገንዘብ ያለው ያልፋል፣ ቢያጠብቁት መቶ ዘመን።»
ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ዝም አልኩኝ፤
ስኳሩ እስኪሟሟ ብርጭቆ አማሰልኩኝ።

እኔን የፈተኑኝ ባሻ ኩምሳ ነበሩ፤
በርሜል አያስቆሙ፣ ገመድ አይወጥሩ።
በአሮጌ ፊያት ወንጂ ደርሰን ስንመለስ፣
«አጥፋው» አሉኝ ድንገት፣ ሞተሩ ሲተነፍስ።
«ማንን አለፍን?» አሉ።
«ማንንም» አልኳቸው።
ወርደው በእግር ሄዱ፤ ይኸው ነው መልሳቸው።

ሦስቴ ወደቅኩኝ በዚህች ጥያቄ፤
በአራተኛው ግና፣ ዐይኔን አስጨንቄ፣
ሸንኮራ የሚግጥ ልጅ ከቦዩ ዳር አየሁ፣
አንድ ጫማ ብቻ እንዳለው ለየሁ።
ስነግራቸው ባሻ፣ ምንም ሳይመልሱ፣
ፈረሙና ሄዱ፣ ቆብ እያነሱ።

ዛሬ ሁለት መጡ። ፊተኛው አቤኔዘር፣
መሪው በመዳፉ እንደ ውሃ ሲዞር፣
አንድ መስመር አልሳተ፣ አንድ ኮን አልነካ፣
ቅጹ የጠየቀውን በልኩ አሳካ።
ነገ የአጎቱን ሚኒባስ ይረከባል፤
አሥራ ሁለት ነፍስ ከኋላው ይጫናል።
ስንጨርስ ጠየቅኩት፣ ቅጹ ላይ የሌለ፦
«ማንን አለፍን?» ብዬ።
«ማንም የለም» አለ።

ሱፋ ጋሪ ነጂ ነው፣ ባጃጅ ያፈናቀለው፤
ማሠልጠኛ የገባው ፈረሱን ሸጦ ነው።
ፍሪሲዮን ሲለቅ መኪናዋ ዘለለች፤
«ቀስ፣ ቀስ፣ እናቴ!» አላት፤ ጭራሹን ጠፋች።
ሦስተኛዋን ኮን በኋላ ጎማ ገጫት፤
ወርዶ ሊያነሣት ነበር፣ እንደ ሰው አዝኖላት።

«ማንን አለፍን?» አልኩት።
ላቡን ጠረገና፦
«ጄሪካን ያዘለች ሴት፣ ነፍሰ ጡር ናትና
ቶሎ አትሻገርም። ከግራሩ ሥር ደሞ
አንድ ሽማግሌ አለ፣ ምርኩዝ ተሸክሞ፣
ሊሻገር ወይ ሊቀር ገና ያልቆረጠ፣
ቆመ፤ ደከመውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።
ኳስ ከአጥር ወጣ፤ ልጁ ግን አልመጣም፤
እሱን ስጠብቀው ኮኗን አላየኋትም።
እርስዎንም አየሁ፦ በሌለ ፍሬን ላይ
እግርዎ ሲረግጥ፣ ከንፈርዎ ሲል ‹ዋይ›።»

አቤኔዘር አለፈ። ሱፋ ወደቀ።
ፊርማዬ ወረቀቱን ወግቶ ዘለቀ።
«መቼ ልምጣ?» አለኝ።
«በወሩ» አልኩት፤
ወር ሙሉ የሚበላውን ግን አልጠየቅኩት።

ይጥበቅ? እሺ፣ ይጥበቅ። በሦስት ኮን ላይ ሰባት፣
በአሥር ጥያቄ ላይ ሃያ ቢጨመርበት፣
ሳጥን ቢደረደር ሞጆ እስኪደርስ ድረስ፣
የቱ ውስጥ ይጻፋል የዚያ የሱፋ መልስ?

ማታ በእግሬ ስገባ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣
የጅቡቲው ተሳቢ ምድር እያራደ ሲበር፣
ሽማግሌ ሆንኩኝ፣ ሊሻገር ያልቆረጠ፤
መብራቱ ዐይኔን ወግቶ ወደ እኔ ሮጠ።
ጋቢና ውስጥ ያለው፣ ፊቱ የማይለየኝ፣
የፈረምኩለት ይሆን? አየኝ ወይስ አላየኝ?
እጄን ሰደድኩ ወደ ጆሮዬ፤ እርሳሴ የለም፤
ነፋስ ወስዶት ይሆናል።
ቆምኩ። አልተሻገርኩም።