ከአምስቱ አንዱ

ሰኔ ገባ ሂሮሳኪ፤ ጉሙ ከተራራው ወርዷል፣
የኢዋኪ አናት ብቻ እንደ ቆብ ብቅ ብሏል።
ቺዮኖ መሰላል ይዛ፣ መቀስ በመቀነቷ ሰክታ፣
ከፖሙ ሥር ቆማለች፣ አንገቷን ወደ ላይ አንስታ።

በአንድ ዘለላ አምስት ፍሬ፣ ገና ሽንብራ የሚያህሉ፣
በአንድ አልጋ እንዳደሩ ልጆች በክርን የሚታገሉ።
የመካከሉ ይቀራል፤ አራቱ ይቆረጣሉ።
ሕጉ ይኸው ነው ባገሩ፤ አያት ቅድመ አያት እንዳሉ።

ሙሽራ ሆና የመጣች ሰሞን እጇ እሺ አይላትም ነበር፤
መቀሱን ከፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ትቀር ነበር ከዛፉ ሥር።
አማቷ ሳቀች፦ «የምትራሪው ለየትኛው ነው? ንገሪኝ።
ለአምስቱም አዝነሽ አምስት ጎምዛዛ፤ ማን እንደሚገዛሽ አሳዪኝ።»

አርባ ዓመት ቆረጠች።
ቆርጣ ቆርጣ አረጀች።

ዘንድሮ ግን ትከሻዋ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣
«በቀን ሦስት ሰዓት» አላት፣ ጥቂት ዝም ብሎ ቆይቶ።
በታትሱኖሪ መቃብር ላይ ሁለት በረዶ ወርዷል፤
መቶ አርባ ዛፍ ግን ይህን አያውቅም፣ እንደ ልማዱ አፍርቷል።
ልጇ ከናጎያ ደወለ፦ «ሽጪው፣ እማዬ፤ ምን ቀረሽ?»
«ደብተሩን ልየው አንዴ» አለች። «የምን ደብተር ነው ያለሽ?»
የአባቱን።

የሳጥን ቁጥር ነው ሁሉ፤ ለየዛፉ አንድ መስመር፣
አሥራ ዘጠኝ የለቀማ ወራት፣ በጭረት በጭረት ሲደመር።
ሌሊቱን ስትደምር አደረች፤ ሻይዋ በጎኗ በረደ፤
ሊነጋ ሲል ድምሩ ወጣ፤ እርሳስ የያዘ እጇ ራደ።
ከመቶ አርባው ሠላሳው ዛፍ፣ ከቦዩ ማዶ ያለው ሰልፍ፣
ብቻውን መጋዘን ይሞላል። የቀረው? ላብ ነው፤ ያውም ትርፍ።

«እና ያን ሁሉ ዘመን» አለች፣ «ከላይኛው ተዳፋት ላይ
ከመቶ ዛፍ ጋር ስንላፋ፣ ጀርባችን ሲጠበስ በፀሐይ፣
ይህን እያወቅህ ነው?»
ደብተር አይመልስም።
ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት፤ ሌላ ነገር የለውም።

ሲነጋ ቀይ ክር ይዛ ወጣች፤ ሠላሳው ግንድ ላይ አሰረች፤
ሦስት ሰዓቷን፣ ሽራፊ ሳታስቀር፣ ለሠላሳው ዳረች።
የቀረውን ለነፋስ ተወች።
ጎረቤቷ ኢሶጂሮ፣ አጥሩ ላይ ክርኑን ጥሎ፣
«ዛፍ ይታዘባል» አላት፣ ቃሉን አንድ አንድ ነጥሎ።
«ይታዘበኝ» አለች፣ መሰላሏን ስታዞር፤
«ትከሻዬ ከታዘበኝ ቆየ፤ እሱስ መች ይናገር?»

በኅዳር መጀመሪያ ሳጥን ቆጠሩ። ከአምናው የጎደለው ጥቂት፤
ከድካሙ የጎደለውን ግን የሚሰፍረው የለም ቅርጫት።
የሠላሳው ፖም እንደ ሕፃን ራስ፣ በሁለት መዳፍ የሚታቀፍ፤
የላዩ ግን ዕከካም፣ ብዙ፤ በብዛቱ የተሰበረ ቅርንጫፍ።

ከዚያ በረዶ መጣ። ታኅሣሥ። የአዲስ ዓመት ካርድ ወቅት።
ሁለት መቶ ስም፣ ግማሹ መልኩ እንኳ የጠፋት።
እጇ ለምዷል፤ ቀይ እርሳስ አነሣች። የመድኅኑን ሰውዬ፣
የጥርስ ሐኪሙን፣ የማኅበሩን ጸሐፊ፦ «ደኅና ሁን፣ ጌታዬ።»
አሥራ ሁለት ቀሩ።

አሥራ ሦስተኛዋ ሱኤኖ ናት፤ የእናቷ ልጅ፣ የኩሺሮዋ፤
ሃያ ሁለት ካርድ ውጣ ዝም። የአባት ቤት ነው ቁርሾዋ።
በደብተሩ ሕግ ቢሆን፣ ከሁሉ በፊት የምትወድቅ።
እርሳሱ ስሟ ላይ ደርሶ ቆመ። ቺዮኖ ደብተሩን ለመጠየቅ
ተነሣች። እና አገኘች፦ ዛፍ ቁጥር ሰማንያ ሰባት፤
ዜሮ ሳጥን። ዜሮ። ዜሮ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
ባሏ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ያን መስመር አልዘለለም፤
ዜሮዋንም በጥንቃቄ፣ ክብ አድርጎ፤ አልቸኮለም።

ሳትቀመጥ ብዕር አነሣች፦ «ሱኤኖ፣ ዘንድሮም አለሁ።
ፖም ልኬልሻለሁ፤ ከሠላሳው ነው፤ ትልልቆቹን መርጫለሁ።»

ውጭ፣ በላይኛው ተዳፋት ጥግ፣ ቁጥር ሰማንያ ሰባት
በረዶ ተሸክሞ ቆሟል፤ ቀይ ክር ያላሰሩለት።