ሦስት የሞረድ ጭረት

የሶዛር ኒቫ መኪና፣ ከእንጉሪ ገደል ወጥታ፣
በሁለት ጥማድ በሬ፣ በሽቦ ገመድ ተጎትታ፣
ከድንቹ ማሳ ዳር ተጥላለች፣ ጣሪያዋ ጎብጦ፣
አንዱ ዓይኗ ወልቆ፣ አንዱ አፍጥጦ።

አርባው አልፏል። እኔ ግን አልቀበርኩትም፤
ለቅሶ አልደረስኩ፣ እንደ ደንቡም ጢሜን አላሳደግኩም።
ሰባት ዓመት ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆነን፣
በአንዲት ጠባብ መንገድ መስታወት ዘግተን ተላለፍን።

ነገሩ ትንሽ ነው፣ ለሰማው ሰው ያስቃል፦
አንድ የበረዶ ሌሊት ሞተሪኖዬ ተፈትቶ አድሯል።
ዱካ የለ፣ ምልክት የለ፣ በረዶው ሁሉን ሸፍኖ፤
"ሶዛር ነው" አልኩ፤ የሱም ታሞ ነበርና ሞተሪኖ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የሊቀ መላኩ ሥዕል ወጣ።
እጁን ጭኖ ማለ፤ ጮኾም አልተቆጣ፦
"አልወሰድኩም፣ ጉራም።" ሌላ ቃል አላመጣ።
በኛ ተራራ በሥዕል የማለ ሰው አይጠየቅም፤
እኔ ግን በሆዴ ጠየቅኩት። ሆድ ደግሞ አይደክም።

ዘንድሮ ቸገረኝ። የኔዋም ኒቫ አርጅታ፣
ካምቢዮዋ እያጓራ፣ ቁልቁለት ላይ ተገፍታ
ካልሆነ አትነሳም። ጥቅምት ሊያልቅ ነው፤
መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ ድንቹን ማን ሊያወርደው?

ናዚብሮላ ከደጇ ቆማ፣ ጥቁር ሻሿን አስራ፣
"የሚጠቅምህን ፍታ፤ ዋጋውን አንተው ጥራ፤
እኔ እዚያ አልጠጋም" ብላ
ወደ ላሞቿ ሄደች፣ ባልዲዋን አንጠልጥላ።

ክሪክ አስገብቼ ጭቃው ላይ ተንጋለልኩ።
ቡሎኖቹ ዝገው እምቢ ቢሉ ናፍጣ አጠጣሁ፣
ቀጥዬም በመዶሻ መከርኩ።
ካምቢዮው ደህና ነው። ፍሪሲዮኑም ደህና።
መሪው ግን ታጥፏል፣ ደረቱ ባረፈበት ቦታ። ዓይኔን አዞርኩና
ከወንበሩ ስር ያለውን አየሁ፦
የሱፍ ፍሬ ገለባ፣ አንድ እግር የልጅ ካልሲ።

ከዚያ ሞተሪኖው። ፈትቼ ወደ ብርሃን አወጣሁት፤
ግሪሱን በአውራ ጣቴ ከሆዱ ላይ ጠረግሁት።
ሦስት ጭረት። ጎን ለጎን። መሃለኛው አጭር።
ሌባ እንዳይክደኝ ብዬ የሞረድኩት የኔው ምስጢር።

አልዋሽም፤ መጀመሪያ የመጣው ደስታ ነበር።
"አላልኳችሁም!" ልል፣ ሽማግሌዎቹን ልጠራ፣
ሬሳ እንኳ ቢሆን አቁሜ ላስመሰክር።

እሷ አይብና ዳቦ ይዛ መጣች፤ ከሩቅ ቆመች።
"ይሄ ከየት መጣ?" አልኳት፣ ድምፄን ገርቼ።
"እሱማ የዙግዲዲ ነው" አለች፤
"ባለቤቴ በዚያው ክረምት ገዛው፣ አርባ ላሪ ከፍሎ፣
ከቅራቅንቦ ነጋዴ፣ 'ደህና ነው' ተብሎ።
ሌሊቱን እያገላበጠ ሲያየው አደረ፣ አምፖል አብርቶ።
'ምነው?' ብለው፣ 'ተታለልኩ' አለኝ።
'መልሰዋ!' ብለው፣ 'ብመልሰው ማን ያምነኛል?' አለኝ።
እኔ ነጋዴውን መስሎኝ ነበር።"

ሶዛር ጭረቴን ያውቃል።
ያን ቀን ሞረዱን ያዋሰኝ እሱ ነው።

አርባ ላሪ ቆጠርኩላት። "በዛ፣ አሮጌ ነው" አለች።
"አልበዛም" አልኩ። የገዛ ዕቃዬን ገዛሁ።
የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ወዲያው አትነሳም፤
አንዴ ትሞክርና ትተዋለች፣
ሊናገር አፉን ከፍቶ፣ የሚሰማውን አይቶ
መልሶ እንደ ዘጋ ሰው።
ሚስቴ "አስቀይረው" ትለኛለች። አልቀይረውም።
መስታወቱን ዝቅ አድርጌ ትንሽ እጠብቃለሁ፤
ከዚያ ደግሜ አዞራለሁ።